ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ

ልጆች ሆይ፤ ከቢዮ አዋሌ ተነሥታችሁ ወደ ድሬዳዋ ገበያ ስትሄዱ የአሮጌውን የባቡር ጣቢያ አይታችሁ ይሆናል። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር እዚያ ስፍራ በደረሰ ጊዜ ዛሬ የምናየው ከተማ አልነበረም፤ ከተማይቱን የወለዳት ባቡሩ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ገንዘብ ስለ ጐደለና የውጭ መንግሥታትም እርስ በርሳቸው ስለ ተከራከሩ ሥራው ለብዙ ዓመት ቆመ፤ ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ በእነዚያ ዓመታት በጅቡቲ በኩል ወደ ባሕር ማዶ የሚሄድ የሸዋ መንገደኛ በበቅሎ ብዙ ቀን ከተጓዘ በኋላ ድሬዳዋ ደርሶ በባቡር ይሳፈር ነበር። ከአውሮፓ የሚመጣውም ዕቃ እዚሁ ከባቡር ወርዶ በግመልና በበቅሎ ጀርባ ይጫን ነበር። ጨርቅም፥ ጠመንጃም፥ መኪናም፥ በሣጥን የታሸገ የዘፈን ሸክላም ወደ መካከለኛው አገር የሚገባበት ዋና በር ይህ ነበር።

ዛሬ የምነግራችሁ ድምፁን በሸክላ አስቀርጾ ለአገሩ ሰው ስላስቀረ ስለ መጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዘፋኝና ባለቅኔ፥ ስለ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ነው።

ተሰማ እሸቴ በ1869 ዓ.ም. ገደማ በሸዋ፥ በምንጃር ተወለዱ። ምንጃር በነጭ ጤፉ የታወቀ አገር ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በዚያን ጊዜ ገና የሸዋ ንጉሥ ነበሩ፤ ንጉሠ ነገሥት የሆኑት ከዐሥራ ሦስት ዓመት በኋላ ነው። እንግዲህ ተሰማ ሲያድጉ አዲስ አበባም ከእርሳቸው ጋር ታድግ ነበር። ከጐለመሱም በኋላ በዚያች አዲስ ከተማ ከቤተ መንግሥት ሰዎች መካከል ተቈጠሩ። ንግግራቸው የጣመ፥ መልሳቸው የፈጠነ፥ በግጥም የተነኰሳቸውንም ሰው በግጥም የሚመልሱ ስለ ነበሩ በትልልቅ ሰዎች ዘንድ ተወደዱ።

መሰንቆም ይመቱ ነበር። መሰንቆ አራት ማዕዘን ሆኖ የተሠራ፥ በቆዳ የተለበጠ የእንጨት ገበታ ነው፤ አንድ ክር ብቻ አለው፤ ክሩም ደጋኑም የፈረስ ጭራ ነው። አንድ ክር ነውና ቀላል የሚመስለው ሰው ካለ ይሞክረው። ጣት ክሩን ከእንጨቱ ጋር አይጫነውም፤ በጐን በቀስታ ይነካዋል እንጂ። ስለዚህ የድምፁን ትክክለኛ ስፍራ የሚያገኘው ዐይን ሳይሆን ጆሮ ነው። ጆሮ የሌለው ሰው መሰንቆ ቢይዝ የሚወጣው ድምፅ የተራበ ድመት ጩኸት ነው።

የአገራችን ሰው ግን ከጥንት ጀምሮ ዘፈኑን እየወደደ ዘፋኙን ይንቅ ነበር። አዝማሪ ያልመጣበት ሠርግ እንደ ቀዘቀዘ ይቈጠራል፤ ጀግናው ወደ ጦር ሲሄድ የሚያስፎክረው፥ ሲመለስም ስሙን የሚያነሣለት አዝማሪ ነው፤ ከጌታው ፊት ቆሞ ሌላው ሊናገር የማይደፍረውን በግጥም ሸፍኖ የሚናገርም እርሱ ነው። ሆኖም ልጁን ለአዝማሪ ዳር ቢሉት የሚቈጣ አባት ብዙ ነበር። እኔ ራሴ የቆሎ ተማሪ ሳለሁ አንድ ማታ ቁራሽ ልለምን ወጥቼ በሠርግ ዳስ ደጃፍ ቆሜ ቀረሁ። ሦስት ቀን ስደክምበት የቆየሁትን አንድ ኅብረ ቃል አዝማሪው በሳቅ መካከል፥ ጠላውን እየተጐነጨ፥ እንደ ዋዛ ፈታው። ነገሩ በማግሥቱ ከመምህሬ ጆሮ ደረሰና ከአዝማሪ ቅኔ ይማራል ተብዬ ተቀጣሁ። ቅጣቱን ረስቼዋለሁ፤ ኅብረ ቃሉን ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ኅብረ ቃል ምን እንደ ሆነ ለማያውቁ ላስረዳ። አንጥረኛ የወርቅ ጌጥ ሲሠራ አስቀድሞ ቅርጹን በሰም ይሠራል። በሰሙ ላይ ጭቃ ይለብጥበታል፤ ጭቃው በእሳት ሲተኰስ ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ በባዶው ስፍራ የቀለጠ ወርቅ ይፈስሳል። ጭቃው ሲሰበር ወርቁ የሰሙን መልክ ይዞ ይገኛል። የቅኔ ሊቃውንትም ይህን አይተው በውጭ የሚሰማውን ቃል ሰም፥ በውስጥ የተሰወረውን ምሥጢር ወርቅ አሉት፤ ሁለቱን አንድ አድርጎ የያዘውም ኅብረ ቃል ተባለ። ተሰማ እሸቴ በዚህ ዓይነት ግጥም እጅግ የበረቱ ነበሩ። ይህን የሰምና የወርቅ ነገር በልባችሁ ያዙት፤ በበርሊን እንደ ገና እናገኘዋለን።

አሁን ወደ 1900 ዓ.ም. እንለፍ። ይህ ዓመት ለአገራችን ብዙ አዲስ ነገር የታየበት ነው። አፈ ወርቅ ገብረ ኢየሱስ በአማርኛ የጻፉት የመጀመሪያው ልብ ወለድ ታሪክ በሮም የታተመው በዚህ ዓመት ነው። ዐፄ ምኒልክም ብረት የሚቀጠቅጠውን፥ ሸማ የሚሠራውን፥ የሚጽፈውንና የሚያርሰውን ሰው በሙያው ስም እየጠሩ መስደብን በአዋጅ የከለከሉት በዚህ ዓመት ነው። አዋጁ ታላቅ አዋጅ ነበር፤ ዳሩ ግን የሰው ምላስ እንደ ባቡር ፍሬን አይታዘዝምና ስድቡ ወዲያው አልጠፋም።

በዚሁ ዓመት ደግሞ ያለ ፈረስና ያለ በቅሎ የሚሄድ ሠረገላ አዲስ አበባ ገባ። ቤንትሌይ የሚባል እንግሊዛዊና አርኖልድ ሆልትስ የሚባል ጀርመናዊ ከባሕር ጠረፍ ተነሥተው፥ በረሃውን አቋርጠው፥ መንገድ በሌለበት መንገድ እያስጠረጉ መኪናቸውን ከንጉሠ ነገሥቱ ፊት አደረሱ። ዐፄ ምኒልክ አዲስ ዕቃ ሲያዩ ዝም ብለው የሚደነቁ ንጉሥ አልነበሩም፤ እንዴት እንደ ተሠራና ማን ሊያበጀው እንደሚችል ይጠይቁ ነበር። መኪና ያለ ነጂና ያለ ጠጋኝ የብረት ክምር ነው። ስለዚህም ተሰማ እሸቴ የመኪናን መንዳትና ጥገና እንዲማሩ ወደ ጀርመን አገር ተላኩ። ዕድሜያቸው ሠላሳ ዓመት አልፎ ነበር፤ ለትምህርት እንደ ዘገዩ የሚቈጥሩ ሰዎች ይህን ልብ ይበሉ።

በጀርመን ሁለት ዓመት ያህል ተቀመጡ። በርሊን በዚያን ጊዜ ለአማርኛ ፈጽሞ እንግዳ አልነበረችም፤ አለቃ ታየ ገብረ ማርያም እስከዚያው ዘመን ድረስ በዚያች ከተማ ባለው የምሥራቅ ቋንቋዎች ትምህርት ቤት አማርኛና ግእዝ ያስተምሩ ነበር። ተሰማ የተላኩት ለመኪና ነው፤ ስማቸውን እስከ ዛሬ ያደረሰላቸው ግን መኪናው አይደለም። በርሊን የሸክላ ዘፈን የሚሠሩ ትልልቅ ኩባንያዎች የነበሩባት ከተማ ነበረች። እነዚህ ኩባንያዎች በሩቅ አገር ሸክላቸውን ለመሸጥ ስለ ፈለጉ ከየሕዝቡ ዘፋኝ ይፈልጉ ነበር፤ የአገሩን ዘፈን ያላገኘ ሰው ማጫወቻውን አይገዛምና። በዚህም ምክንያት የምንጃሩ ሰው በበርሊን ከአንድ ትልቅ መለከት ፊት ቆሙ።

የሰውን ድምፅ ይዞ የሚያስቀር መሣሪያ በኢትዮጵያ ቤተ መንግሥት አስቀድሞ ታውቋል። የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ በ1890 ዓ.ም. ድምፃቸውን በፎኖግራፍ አስቀርጸው ለዐፄ ምኒልክ ልከው ነበር፤ ከተሰማም በኋላ ቅርጹ እንዲሰበር ስላዘዙ ተሰብሮ ቀረ። ዐፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱም በበኩላቸው ድምፃቸውን አስቀርጸው መልሱን ልከዋል። ይህ ግን የነገሥታት ሰላምታ ነው፤ ገንዘብ ከፍሎ የሚገዛው፥ በየቤቱም የሚሰማ ነገር አልነበረም። ለገበያ የወጣው የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ድምፅ የተሰማ እሸቴ ድምፅ ነው።

አሁን አሠራሩን አድምጡ። በዚያ ዘመን ድምፅን በኤሌክትሪክ ማጕላት አልነበረም። ዘፋኙ አፉን ወደ ሰፊው የመለከት አፍ አቅርቦ ይዘፍናል፤ በመለከቱ ጠባብ ጫፍ ላይ ቀጭን ሽፋን አለ፤ ሽፋኑ በድምፁ ሲንቀጠቀጥ ከእርሱ ጋር የተያያዘው መርፌ በሚሽከረከር የሰም ገበታ ላይ እየተወዛወዘ መሥመር ይቀርጻል። ዘፋኙ ቢርቅ ድምፁ ይጠፋል፤ እጅግ ቢጮኽ መርፌው ይዘልላል፤ ቢያስልም ሳሉ አብሮ ይቀረጻል። መሰንቆውም ድምፁ ቀጭን ነውና ወደ መለከቱ መጠጋት አለበት። ከተሳሳተ የሰሙ ገበታ ይጣላል፥ ሥራውም ከመጀመሪያው ይጀመራል። ሰሙ በደኅና ከተቀረጸ በኋላ በመዳብ ይለበጣል፤ ከመዳቡም የብረት ማኅተም ይወጣል፤ በማኅተሙም ጥቁሩ ሸክላ እየታተመ በብዛት ይሠራል። ሸክላው የሚሠራበት ሙጫ በህንድ አገር ዛፍ ላይ የሚኖሩ ጥቃቅን ነፍሳት የሚያወጡት ነው። የመጀመሪያው ሰም በሥራው መካከል ይበላሻል፤ የሚቀረው ማዕድኑ ነው። እንግዲህ በሰምና ወርቅ ግጥም የታወቁት ሰው ድምፃቸውን ለሰም ሰጥተው ማዕድን ሆኖ ሲወጣላቸው ምን አሉ ይሆን እያልሁ አስባለሁ።

ከዚህም የሚበልጥ ሌላ ጭንቅ ነበረ። አንዱ የሸክላ ገጽ ሦስት ወይም አራት ደቂቃ ብቻ ይይዛል። ትዝታን የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ያውቃል። አዝማሪ በአገሩ ሲዘፍን ጊዜ የሚለካለት የለም፤ ቀስ ብሎ ይጀምራል፥ መሰንቆውን ያስለቅሳል፥ አንዱን ግጥም ብሎ የሰሚውን ፊት ያያል፤ ሰሚው ከሳቀ ይጨምራል፥ ከተቈጣ ያለሳልሳል፤ ከተቀመጡት አንዱ ግጥም ሲሰጠው ተቀብሎ ያዜማል፤ እንዲህ እየሆነ ይነጋል። በበርሊን ግን ግጥም የሚሰጥ፥ እሰይ የሚል፥ በግንባሩ ላይ ብር የሚለጥፍለት ሰው የለም። ያለው የብረት አፍ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ የሚፈስሰውን ነገር በሦስት ደቂቃ ውስጥ አንቆ መጨረስ ያስፈልጋል። የትኛውን ግጥም ላስቀድም፥ የትኛውን ልተው ብሎ መምረጥ የግድ ነው። ተሰማ ይህን ያደረጉት አንድ ጊዜ አይደለም፤ ከዐሥር የሚበልጡ ሸክላዎች ወጥተውላቸዋልና።

ከዚያ በኋላ ወደ አገራቸው ተመለሱ። ሸክላውም መጣ። ማጫወቻውን የሚገዛ ባለጸጋና መኳንንት ብቻ ስለ ነበረ ሰሚው መጀመሪያ ጥቂት ነበር፤ ነገር ግን በአንድ ግራሞፎን ዙሪያ ጐረቤት ሁሉ ይሰበሰባል። ማጫወቻው እንደ ሰዓት በእጅ ይጠመዘዛል፤ ጥምዝማዜው ሲያልቅ ድምፁ እየጐረነነና እየዘገየ ይሄዳል። ሰው በሌለበት የሰው ድምፅ ሲሰማ ሣጥኑን ዞሮ ከኋላው ያላየ ብዙ አልነበረም ብል አልሳሳትም። ልጆች ሆይ፤ ዛሬ ሺህ ዘፈን በስልክ አድርጋችሁ በኪሳችሁ የምትይዙ ስለ ሆነ ይህ ሊያስቃችሁ ይችላል፤ ለእነርሱ ግን የመጀመሪያው ነበር።

ተሰማ በተመለሱበት ዘመን ቤተ መንግሥቱ እንደ ተዉት አልቆያቸውም። ዐፄ ምኒልክ በጽኑ ሕመም ተይዘው ነበር፤ አልጋ ወራሹም የልጃቸው ልጅ ልጅ ኢያሱ ነበሩ። ምኒልክ በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ዐረፉ። ልጅ ኢያሱ ወጣት ነበሩ፤ ጨዋታ፥ አደን፥ ጕዞና የጋሜ ባልንጀርነት ይወድዱ ነበር። ውጭ አገር ያዩት፥ መኪና የሚያውቁት፥ ግጥም እንደ ውኃ የሚፈስስላቸው ተሰማ እሸቴም የቅርብ ወዳጃቸው ሆኑ። ነጋድራስ የሚለውንም ማዕረግ ያዙ።

ነጋድራስ ማለት የነጋዶች አለቃ ማለት ነው። በጥንት ዘመን ነጋድራስ የሲራራ ነጋዴ መሪ ነበረ፤ በኋላ ግን የቀረጥ ሹም ሆነ። ይህ ማዕረግ ለድሬዳዋ ሰው እንግዳ አይደለም፤ ባቡር በሚደርስበት ከተማ ቀረጥ የሚቀበለው እርሱ ነውና። ጀርመንኛ የሚያውቁት፥ ስለ መንግሥት አስተዳደር የጻፉት ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በዚህ ሹመት በድሬዳዋ አገልግለዋል። ያን ማዕረግ መሰንቆ የሚመታ ሰው ሲይዘው ያጕረመረመ እንዳልጠፋ መገመት ቀላል ነው።

የወዳጅነቱ ዘመን ግን አጭር ሆነ። በመስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. መኳንንቱና ጳጳሱ በአዲስ አበባ ተሰብስበው ልጅ ኢያሱን ከሥልጣን ሻሩ። ልጅ ኢያሱ ያን ጊዜ በዚሁ በእኛ አገር፥ በሐረር ነበሩ። ወሬው በስልክና በቴሌግራፍ በአንድ ቀን በረረ፤ ትናንት ስሙ ሲጠራ ሰው ከመቀመጫው ይነሣለት የነበረ ጌታ በማግሥቱ የሚጠጋበት አጣ። አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል ከወሎ ሠራዊት አስከትተው መጡ፤ ነገር ግን በጥቅምት 17 ቀን በሰገሌ ተዋግተው ድል ሆኑ። በዚያ ቀን የወደቀው የሰው ብዛት ለሁለቱም ወገን ሐዘን ነበር።

ጌታ ሲወድቅ ወዳጁ አብሮ ይወድቃል። ለነጋድራስ ተሰማም የልጅ ኢያሱ ወዳጅነት ትናንት ክብር፥ ዛሬ ዕዳ ሆነ፤ ሹመቱም ሞገሱም ተወሰደ። ሹመት እንደ ተውሶ ልብስ ነው፤ ባለቤቱ ሲፈልገው ያስወልቃል። የመሰንቆውን ጣት ግን የሚሽር አዋጅ አልነበረም። በየመኳንንቱ እልፍኝ የነበረውንም ሸክላ ሰብስቦ ማን ይሰብረዋል? ልጅ ኢያሱን ያወረዱት ሰዎች ሳይቀሩ ማታ ማታ የልጅ ኢያሱን ወዳጅ ድምፅ ይሰሙ እንደ ሆነ ማን ያውቃል።

ከሃያ ዓመት በኋላ ጣልያን አገራችንን ወረረ። በየካቲት 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቦምብ ከተጣለበት በኋላ ማርሻል ግራዚያኒ ብዙ ሕዝብ ያስፈጀው ሳይበቃው፥ በየአገሩ የሚዞሩ አዝማሪዎች፥ ጠንቋዮችና ባሕታውያን እየተያዙ እንዲገደሉ አዘዘ። በገዛ አገሩ ልጅ የማይዳርለት፥ በዳስ ጥግ የሚቀመጥ አዝማሪ ለጠላት እንደ ጦር አለቃ የሚያስፈራ ሆኖ ተገኘ። ጠላት የእኛን ዘፋኝ ከእኛ አብልጦ ዋጋውን ዐወቀ ማለት ነው፤ ይህን ስጽፍ አፍራለሁ። ነጋድራስ ተሰማ ያን ዘመን አልፈው ነፃነትን ለማየት በቁ። ከዚያም ብዙ ዓመት ኖረው በ1957 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ሰማንያ ስምንት ዓመት ገደማ ሆኗቸው ዐረፉ።

ልጃቸውን ስማቸውን ስጠራ የምታውቁ ትኖራላችሁ። በመስከረም 1914 ዓ.ም. በጅማ የተወለዱት ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው። አባት በመሰንቆ፥ ልጅ በኳስ ታወቁ። ይድነቃቸው ለቅዱስ ጊዮርጊስ ቡድን ሃያ ሦስት ዓመት ተጫወቱ፤ በ1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ አሠልጣኝ ነበሩ፤ ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮም በነሐሴ 1979 ዓ.ም. እስኪሞቱ ድረስ የአፍሪካ እግር ኳስ ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆኑ። አባታቸው የልጃቸው ቡድን ዋንጫውን ሲያነሣ በሕይወት ነበሩ። ሽማግሌው በዚያ ቀን ግጥም ሳይገጥሙ ቀሩ ብሎ የሚነግረኝ ሰው ቢኖር አላምነውም።

ነጋድራስ ተሰማ በዐረፉ ጊዜ የአዲስ አበባ ዘፋኝ ከመሰንቆ ወደ ጊታርና ወደ መለከት እየዞረ ነበር። ወጣቱ ኤልቪስ ፕሬስሊ የሚባለውን አሜሪካዊ ያደንቅ ነበር፤ ጠጕሩንም እንደ እርሱ ያበጥር ነበር። በ1961 ዓ.ም. አምሃ እሸቴ የሚባሉ ወጣት የራሳቸውን የሸክላ ድርጅት አቋቁመው የኢትዮጵያ ኤልቪስ እየተባሉ የሚጠሩትን የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን በመጀመሪያ አወጡ። የሦስቱም ሰዎች የአባት ስም አንድ ቢሆንም በስም ብቻ ዘመዳሞች እንዳይመስሏችሁ። ዳሩ ግን ዓለማየሁ ከማይክሮፎኑ ፊት ቆመው ዘፈናቸውን በጥቂት ደቂቃ ሲጨርሱ፥ በዚያ ጠባብ በር ከእርሳቸው ስድሳ ዓመት አስቀድሞ አንድ የምንጃር ሰው አልፎበት ነበር።

የበርሊኖቹ ሸክላዎች እየተሰበሩና እየተጫሩ አለቁ፤ ሙጫ ነውና ከወደቀ እንደ ገል ይሰበራል። ነገር ግን ሁሉም አልጠፉም። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚባሉ ፈረንሳዊ የኢትዮጵያን ሙዚቃ ሲሰበስቡ እነዚህንም አግኝተው፥ ከተቀረጹ መቶ ዓመት ካለፈ በኋላ፥ በ2003 ዓ.ም. ገደማ ኢትዮፒክ በሚባለው ተከታታይ ሥራቸው በ27ኛው ክፍል እንደ ገና እንዲወጡ አደረጉ። እኔም ሰምቻቸዋለሁ። መጀመሪያ ዝናብ በቆርቆሮ ላይ ሲወርድ የሚመስል የመርፌ ድምፅ ይሰማል። ከእርሱ በታች መሰንቆው ይመጣል፥ ቀጭን ነው፥ ከሩቅ የሚጠራ ይመስላል። ቀጥሎ የሰውየው ድምፅ ይነሣል፤ ቸኵሎ አይደለም፥ ነገር ግን ጊዜው አጭር መሆኑን እንደሚያውቅ ሰው ነው። ጆሮ እየለመደው፥ ቃሉም እየጠራ ሲሄድ፥ ገና አንዱን ግጥም ፈትቼ ሳልጨርስ ገጹ ያልቃል።